«ባቡሩ እስኪቆም አትነሱ» ሲባል ተሳፋሪው ለምን ይነሳል?

አዳማ ላይ ስለ ባቡር ጉዞ ወሬ ሲነሳ አንድ ወቀሳ ቶሎ ይከተላል። «ሰው አይሰማም» ይባላል። ባቡሩ እስኪቆም አትነሱ ሲባል ይነሳል። ሻንጣ መተላለፊያ ላይ አታስቀምጡ ሲባል ያስቀምጣል። ሀዲድ አታቋርጡ ሲባል አቋርጦ ይሄዳል። ወሬው ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በተረት ነው፤ ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።

ተረቱ ለሌላ ነገር ይሁን። ለዚህ ጉዳይ ግን አይበቃም። ማስታወቂያ ሰምቶ እንዳልሰማ የሚያልፍ ሰው ሁሉ እምቢተኛ አይደለም። አንዳንዱ ጭራሽ አልሰማም። አንዳንዱ ሰምቶ አልገባውም። ሌላው ገብቶት አላመነም። አምኖም ቢሆን «እንዳያልፈኝ» ብሎ የሚነሳ አለ። እነዚህ አራት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው። ሁሉንም «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ብለን ከጠቀለልናቸው አንዱንም አንፈታም።

አዳማና ሁለቱ ባቡሮች

አዳማ ከባቡር ጋር ያላት ትውውቅ የቆየ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የቀድሞው መስመር አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነበር። ያ ባቡር ዝግ ያለ ነበር። መስኮቱ ይከፈታል። ጣቢያ ሲደርስ ሻጮች እስከ መስኮቱ ተጠግተው ይገበያዩ ነበር። ስለ ባቡር ከወላጆቻችን የወረስነው ልማድ በአብዛኛው ከዚያ ዘመን የመጣ ነው።

አሁን ያለው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ሌላ ዓይነት ነገር ነው። የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ደግሞ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ከሀዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል። ይህን ያህል ኃይል ያለው ሽቦ ሰው ባይነካውም አደገኛ ነው። በጣም የቀረበ ሰው ላይ ኤሌክትሪኩ በአየር ላይ ዘሎ ሊደርስ ይችላል። ፉርጎ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ልጅ የሚሞተው ሽቦውን ስለጨበጠ ብቻ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይሄኛው የአዳማን ነዋሪ በቀጥታ ይመለከታል። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው መስመር ጥንድ ሀዲድ ነው። ከአዳማ ወደ ምሥራቅ ነጠላ ይሆናል። ጥንድ ሀዲድ ላይ አንድ ባቡር አለፈ ማለት መንገዱ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ካለፈው ባቡር ጀርባ ከወዲያ በኩል ሌላ ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው ባቡር ጫጫታ የሁለተኛውን ድምፅ ይውጠዋል። ቆሞ ያሳለፈው ጠንቃቃ ሰው እንኳ ሁለተኛው ሊቀድመው ይችላል። «ከሀዲድ ራቁ» የሚለው ማስታወቂያ ይህን አይናገርም። ቢናገር ግን ሰው የበለጠ ይጠነቀቅ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱ የተነገረው ሰው በራሱ ዓይን አደጋውን ማየት ይጀምራልና።

ፉርጎ ውስጥ ያለውም አደጋ ተለውጧል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ፍሬን ቢይዝ ለመቆም ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይፈልጋል። በዚህ መስመር ላይ ግመልና ከብት ሀዲድ ውስጥ መግባታቸው ከመጀመሪያው ጀምሮ የታወቀ ችግር ነው። ነጂው በድንገት ፍሬን ሲይዝ የቆመ ሰው ይወድቃል፤ በደንብ ያልተቀመጠ ሻንጣም ይወርዳል። ስለዚህ «ተቀመጡ» የሚለው ቃል የሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ጆሮ እንዴት ይለምዳል

ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው የወፍጮውን ድምፅ አይሰማም። ወፍጮው ቀጥ ሲል ግን ቀና ይላል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን «ሃቢቹዌሽን» ይሉታል። በአማርኛ መልመድ ማለት ነው። አእምሮ አንድ ድምፅ ደጋግሞ ሰምቶ ምንም ካልተከተለው ከዚያ ወዲያ ትኩረት አይሰጠውም። ይህ ጉድለት አይደለም። ሁሉንም ድምፅ እኩል የሚሰማ ሰው ቢኖር ቀኑን መዋል አይችልም።

የከተማ ሰው ደግሞ በዚህ በኩል የሠለጠነ ነው። ሱቅ በር ላይ «በቅናሽ፣ በቅናሽ» የሚል የተቀዳ ድምፅ አለ። ሎተሪ አዟሪው በሞንታርቦ ይዞራል። የመናኸሪያው ጥሪ አለ። የአዳማ ነዋሪ ባቡር ላይ ከመውጣቱ በፊት ጆሮው ገና ከቤቱ ሲወጣ ጀምሮ ሲያጣራ ነው የዋለው። በዚህ ላይ ባቡሩ ውስጥ በየጣቢያው በአንድ ድምፅና በአንድ ዜማ ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ይጨመርበታል። ከሦስተኛው ጣቢያ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ ወፍጮ ይሆናል።

ከባዱ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እውነተኛ አደጋ ቢፈጠር የሚነገረውም በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ በዚያው ድምፅ፣ «ውድ መንገደኞቻችን» በሚለው በዚያው መግቢያ ነው። መግቢያውን ሰምቶ ጆሮውን የዘጋ ሰው ቀጥሎ የሚመጣው ቃል አዲስ መሆኑን በምን ያውቃል?

ከሚኒባሱ የመጣ ልማድ

ስለ ባቡር ተሳፋሪ ስናወራ አንድ ነገር እንዘነጋለን። ይህ ሰው ጉዞ የተማረው ታክሲ ውስጥ ነው። ሚኒባስ የሚቆምልህ አንተ ከተናገርክ ነው። «ወራጅ አለ» ካላልክ ያልፋል። ዕቃ ካለህ አስቀድመህ ትነሳለህ፣ ወደ በሩ ትጠጋለህ፣ ለረዳቱ ትነግረዋለህ። የዘገየ ሰው ወይ አልፎ ይወርዳል ወይ ይሰደባል።

ባቡር ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ባቡሩ ተናገርክም አልተናገርክም ጣቢያው ላይ ይቆማል። በሩ አጠገብ መጠጋት የሚጠቅምህ ነገር የለም። ግን ይህን ማን ነግሮት ያውቃል? ማስታወቂያው «አትነሱ» ይላል። ባቡሩ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም፣ ሰው ወርዶ ሳያልቅ ይነሳ እንደሆነ፣ በሩ በየትኛው ጎን እንደሚከፈት ካልተናገረ ተሳፋሪው የሚፈርደው በሚያውቀው ነው። የሚያውቀው ደግሞ ታክሲ ነው። ሦስት ሻንጣና ሁለት ልጅ ይዛ የምትጓዝ እናት ቀድማ ብትነሳ በእሷ ቦታ ሆኖ ለሚያየው ሰው ነገሩ ትክክለኛ ሂሳብ ነው። ግትርነት ብሎ መጥራት ይከብዳል።

ከታክሲ የወረስነው ሌላም ልማድ አለ። እዚያ ሥልጣን ያለው ድምፅ የረዳቱ ነው። በአካል ያየነው፣ ዓይናችንን እያየ የሚናገር ሰው ነው። ከጣሪያ የሚወርድ ድምፅን መታዘዝ አልለመድንም። የባቡሩ አስተናጋጅ መጥታ «እትዬ፣ ይቀመጡ፤ ሲደርስ እኔ እነግርዎታለሁ» ብትል አብዛኛው ሰው ይቀመጣል። ድምፅ ማጉያው ያንኑ ቃል አሥር ጊዜ ቢል ግን ላይቀመጥ ይችላል።

«ኧረ ምንም አይደለም»

እስካሁን ያነሳነው የዕለት ተዕለቱን ነው። አደጋ ሲመጣ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሰው ጭስ እያየ፣ ደወል እየሰማ «ምንም አይደለም» ይላል። በእንግሊዝኛ የተለመደው ስሙ «ኖርማልሲ ባያስ» ነው፤ ነገሩ እንደ ወትሮው ነው ብሎ የማመን ዝንባሌ ማለት ነው።

ይህ ዝንባሌ ሰው ብዙ ሲሆን ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1968 ቢብ ላታኔና ጆን ዳርሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሰዎች ቅጽ በሚሞሉበት ክፍል ውስጥ ጭስ ለቀቁ። ብቻውን ከተቀመጠው ሰው 75 በመቶው ወጥቶ ተናገረ። ነገሩን አውቀው ዝም እንዲሉ ከተነገራቸው ሁለት ሰዎች ጋር የተቀመጠው ግን የተናገረው 10 በመቶው ብቻ ነበር። ሌሎቹ ዓይናቸውን እያሹ መጻፋቸውን ቀጠሉ። ሰው አደጋ መኖሩን የሚለካው በጭሱ ብቻ ሳይሆን በጎረቤቱ ፊት ነው። ፉርጎ ውስጥ መቶ ያህል ሰው ተቀምጦ ሁሉም ሌላውን ካየ ማንም አይነሳም። አንዱ ከተነሳ ደግሞ ሁሉም ይነሳል።

ሰምቶ ማለፍ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አገራችን በአውሮፕላን በኩል አይታዋለች። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ አረፈ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳሉ የነፉ ናቸው። ውሃ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፈፋቸውና መውጣት አልቻሉም። «ከአውሮፕላኑ ሳትወጡ አትንፉ» የሚለው ትእዛዝ በደህንነት ገለጻ ውስጥ የሚነገር ነው። ሆኖም «አትንፉ» መባሉና ለምን እንደሆነ መረዳት የተለያዩ ናቸው። በጭንቅ ሰዓት አእምሮ ውስጥ የሚቀረው ምክንያቱ የገባን ነገር ነው።

ማረጋጋት ወይስ እውነቱን መናገር?

የትራንስፖርት ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የሚፈሩት አንድ ነገር አለ። እውነቱን ብንናገር ሕዝቡ ይሸበራል ይላሉ። «ፓኒክ» የሚባለው ይህ ነው፤ ሰው ደንግጦ፣ እየተገፋፋና እየተረጋገጠ የሚሸሽበት ሁኔታ። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። በአንድ ጠባብ በር ብዙ ሰው ከተገፋፋ ሰው ይጎዳል። ነገር ግን በተግባር የተፈተነው ነገር ወደ ሌላ ያመለክታል።

ጊሌን ፕሩና ጆናታን ሳይም የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ በአንድ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አምስት ጊዜ የመልቀቅ ሙከራ አደረጉ። ውጤቱን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ደወል ብቻ በተደወለበት ሙከራ ወደ 15 ደቂቃ ገደማ ቆይቶም ጣቢያው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ሰዉ ቆሞ ባቡር ይጠብቅ ነበር። በመጨረሻው ሙከራ ግን ምን እንደተፈጠረ፣ የት እንደሆነና ማን በየት መሄድ እንዳለበት በድምፅ ማጉያ በግልጽ ተነገረ። ጣቢያው ከ6 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ባዶ ሆነ። ጣቢያው ያው ነው፤ የተለወጠው የተነገረው ነገር ነው።

የተሳሳተ ማረጋጊያ ምን እንደሚያደርስ የደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ ከተማ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 አንድ ሰው የምድር ውስጥ ባቡር ላይ እሳት ለኮሰ። ከወዲያ በኩል ሌላ ባቡር መጥቶ ከሚነደው አጠገብ ቆመ። የዚያ ባቡር ተሳፋሪዎች ተቀምጠው እንዲጠብቁ ተነገራቸው። ተቀመጡ። ጭስ በሞላው ፉርጎ ውስጥ አፍና አፍንጫቸውን ይዘው ዝም ብለው ተቀመጡ። በኋላ ነጂው ቁልፉን ነቅሎ ሲሸሽ በሮቹ ተዘጉ። 192 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ እሳቱ ባልተነሳበት በሁለተኛው ባቡር የነበሩ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ማስታወቂያ ሰምተው የታዘዙ ናቸው። «ሰው አይሰማም» ለሚል ሁሉ ይህ መታወስ ያለበት ታሪክ ነው። መስማት የሚያድነው የሚነገረው ቃል ልክ ሲሆን ነው።

ዝምታም የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ለንደን ውስጥ ሉዊሻም አካባቢ በበረዶ ምክንያት ባቡሮች ቆመው ቀሩ። ተሳፋሪዎቹ በተጨናነቀ ፉርጎ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ። ሽንት ቤት መሄድ የቸገራቸው ነበሩ። የሚነገራቸው መረጃም በቂ አልነበረም። በመጨረሻ በራቸውን ራሳቸው ከፍተው ሀዲዱ ላይ ወረዱ። እዚያ ኤሌክትሪኩ ያለው ከላይ ሳይሆን መሬት ላይ ካለው ሦስተኛ ሀዲድ ውስጥ ነው። እነሱ በመውረዳቸው ሌሎች ባቡሮችም እንዲቆሙ ተገደዱ፤ መዘግየቱ ባሰ።

የኛም መስመር የሚያልፈው ረጅም በረሃማ መሬት ላይ ነው። ከአዳማ ወዲያ መተሐራና አዋሽ አሉ፤ ሙቀቱ የታወቀ ነው። ባቡር መብራት ሲቋረጥ ሜዳ ላይ ሊቆም ይችላል። አየር ማቀዝቀዣው ሲጠፋ መስኮቱ የማይከፈት ፉርጎ ቶሎ ይሞቃል። ተሳፋሪው ወርዶ ሀዲዱ ላይ እንዳይቆም የሚያደርገው ምንድን ነው? «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ» የሚለው አይደለም። «መብራት ተቋርጧል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመልሰን እንነግራችኋለን፤ መብራቱ ሲመለስ ባቡሩ ወዲያው ሊነሳ ስለሚችል አትውረዱ» የሚለው ነው። አሥር ደቂቃው ሲሞላ የሚነገር አዲስ ነገር ባይኖርም ተመልሶ መናገር ያስፈልጋል። ቃል የጠበቀ ድምፅ ይታመናል።

በየትኛው ቋንቋ?

አዳማ ላይ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። ባቡሩ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ አፋርኛና ሶማልኛ ይጨመራሉ፤ ጅቡቲ ሲደርስ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ። ሁሉም ተሳፋሪ በሚገባው ቋንቋ መስማት መብቱ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር ሊኖር አይገባም። አስቸጋሪው አፈጻጸሙ ነው። አንድ ረጅም ማስታወቂያ በአራት ቋንቋ ሲነገር ሦስት አራተኛው ለእያንዳንዱ ሰው የማይገባው ድምፅ ነው። ያ ደግሞ መልመድን ያፋጥናል። በአደጋ ሰዓት ደግሞ አራተኛው ቋንቋ ተራው እስኪደርስ የመጀመሪያው ሰው በሩ ላይ ደርሷል።

የእኔ ግምት መፍትሔው ቋንቋ መቀነስ ሳይሆን ቃል መቀነስ ነው። በየቋንቋው ከአሥር ቃል የማይበልጥ፣ መጀመሪያ የሚደረገውን ነገር የሚናገር። የቀረው በሥዕል ይለጠፍ። ማንበብ የማይችል ሰው መዶሻና የተሰበረ መስኮት የሚያሳይ ሥዕል ይገባዋል።

የድምፁ ጥራትም እዚሁ ይነሳል። ባለሙያዎች የንግግርን ግልጽነት ከ0 እስከ 1 በሚሄድ መለኪያ ይለካሉ። ለሕዝብ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ቢያንስ 0.5 ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው እንኳ የሚሰማው «ሸሸሸ» ነው። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሠራተኛ የመጨረሻው ፉርጎ ጫፍ ላይ ቆሞ ቢያዳምጥ ይበቃል።

ቅጣት፣ መቀነስ ወይስ መደጋገም

በዚህ ጉዳይ ሦስት አስተያየቶች ይሰማሉ። የመጀመሪያው ያልሰማ ይቀጣ ይላል። ሀዲድ ላይ ድንጋይ ለሚያስቀምጥ ወይም ሽቦ ለሚሰርቅ ይህ ይሠራል። ቀድሞ ለተነሳ ተሳፋሪ ግን አይሠራም፤ መተላለፊያው ላይ የቆመውን ሁሉ ማን ይቀጣል?

ሁለተኛው ማስታወቂያ ይቀነስ የሚለው ነው። እንግሊዝ አገር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ አላስፈላጊ የባቡር ውስጥ ማስታወቂያዎች እንዲቀነሱ ብሎ ነበር። ምክንያቱ ሰው ተሰላችቶ የሚጠቅመውንም መስማት ትቷል የሚል ነው። ሐሳቡ ያሳምናል። ግን እዚያ ያለው ተሳፋሪ በየቀኑ በባቡር ሥራ የሚመላለስ ነው። እኛ ጋ በአንድ ፉርጎ ውስጥ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡር የወጣ ሰው አለ። ለእሱ መቶኛው ማስታወቂያ የመጀመሪያው ነው። መደጋገም ይኑር የሚሉት ሦስተኛዎቹ የሚያነሱት ይህንኑ ነው፤ እውነት አላቸው።

እኔ ወደ መቀነሱ አደላለሁ፤ ግን ለአዲሱ ተሳፋሪ ሌላ መንገድ ከተበጀለት ብቻ ነው። ያ መንገድ አስተናጋጇ ናት። ባቡሩ ሲነሳ በየፉርጎው ቆማ፣ እንደ አውሮፕላኑ በእጇ እያሳየች፣ በሩ እዚህ ነው፣ መዶሻው እዚህ ነው ብትል ሁለት ደቂቃ አይፈጅባትም።

ማስታወቂያ የማይፈታው ነገር መኖሩም መዘንጋት የለበትም። ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሀዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ያለቀው በኩርባ ላይ ከነበረው ፍጥነት የተነሳ ነው። እነዚያን ተሳፋሪዎች የትኛውም ድምፅ ማጉያ አያድናቸውም ነበር። ሀዲዱ፣ ፍሬኑና ነጂው ይቀድማሉ። ለተሳፋሪው የሚነገረው ቃል የመጨረሻው አጥር ነው።

አዳማ መግቢያ ላይ

ወደ መነሻው እንመለስና ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር አዳማ ሊደርስ ሲል የሚነገረውን እንየው። በተለመደው አነጋገር እንዲህ ሊባል ይችላል፤ «ውድ መንገደኞቻችን፣ ለደህንነትዎ ሲባል ባቡሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ድረስ ከመቀመጫዎ እንዳይነሱ በትህትና እናሳስባለን።» ትህትናው ጥሩ ነው። ግን ቁም ነገሩ የመጣው በዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ነው፤ ለማን እንደሆነም አይታወቅም።

እንዲህ ቢባልስ፤ «የአዳማ ወራጆች፣ አምስት ደቂቃ ቀርቶናል። በሩ በግራ በኩል ይከፈታል። ሁላችሁም ሳትወርዱ ባቡሩ አይነሳም። ተቀመጡ።» «የአዳማ ወራጆች» ሲባል የሚመለከተው ሰው ስሙ እንደተጠራ ቀና ይላል። ድሬዳዋ የሚሄደው ጨዋታውን ይቀጥላል። «አይነሳም» የሚለው ቃል ደግሞ ያቺ ሦስት ሻንጣ የያዘች እናት ከምትፈራው ነገር ላይ በቀጥታ ያርፋል።

ይህ የሚሠራው ቃሉ ከተጠበቀ ነው። አንድ ቀን ሰው ወርዶ ሳያልቅ ባቡሩ ከተነሳ፣ ያቺ እናት በሚቀጥለው ጉዞ ገና ሞጆን እንዳለፈች ልጆቿን ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች።